ጣቢያው አዘዞ ይሁን እንጂ አምባ ጊዮርጊስ አይሁን

ወገን፣ ርዕሱን ብቻ አይታችሁ «ይሄ ልጅ አገሩን ከዳ» እንዳትሉኝ። እስቲ ጨርሱት።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል እንዳይገባ ከለከለ። በ2017 ኢትዮ ቴሌኮም ቦሌ ላይ ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ከፈተ። ወሬው ሁሉ ስለ ቤት መኪና ነው። የወገራን ገበሬ የሚነካው ግን አይሱዙውና ተሳቢው ነው፤ የገብሱም የማዳበሪያውም ማጓጓዣ ከሱ ኪስ ነው የሚወጣው። የጭነት መኪናውም ተራው ይደርሳል። ያኔ ጣቢያው የት ይተከል የሚለውን ካሁኑ ካልተነጋገርንበት፣ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ካርታ ላይ ነጥብ የሚያደርግ ሰው ይወስንልናል። ካርታው ላይ ደግሞ ከጎንደር ደባርቅ ያለው መንገድ አንድ መስመር ነው፤ ዳገት የለውም።

ሂሳቡን እንየው። ከነጭነቱ 15 ቶን የሚመዝን መኪና ከጎንደር ወደኛ ሲወጣ፣ ከፍታውን ቀነስ አድርገን 700 ሜትር ብንይዝ፣ ክብደቱን ለማንሳት ብቻ ወደ 29 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። የጎማውና የነፋሱ ሌላ ነው። ሲወርድስ? የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ራሱ ፍሬን ይሆንና ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ከበላው የተወሰነው ወደ ባትሪው ይመለሳል። ስዊዘርላንድ ውስጥ ለሲሚንቶ የሚሆን ድንጋይ ከተራራ የሚያወርድ ግዙፍ ገልባጭ አለ። ጭኖ ይወርዳል፣ ባዶውን ይወጣል፤ ባትሪውን አብዛኛውን ጊዜ የሚሞላለት ቁልቁለቱ ነው። የኛስ ገብስ ወደ ጎንደር ብቅል ፋብሪካ የሚሄደው ቁልቁል አይደለም እንዴ? (የማዳበሪያ ወቅት ሲደርስ ነገሩ ይገለበጣል፤ አልረሳሁትም።)

ስለዚህ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ባትሪውን ጢም አድርጎ ሞልቶ ቁልቁል መልቀቅ ኪሳራ ነው። ቁልቁለቱ የሚሰጠው ኤሌክትሪክ መግቢያ ያጣል፣ ሥራው ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ሊማሊሞም እንደዚያው፦ መሙላት ያለበት ከታች ዛሪማ ላይ፣ ዳገቱ ሳይጀመር ነው እንጂ ደባርቅ ላይ አይደለም። አዘዞ የመተማና የባሕር ዳር መንገድ የሚገናኝበት ነው፤ የመተማ ሰሊጥም እዚያው ያልፋል። ጣቢያው መጋዘን አጠገብ ቢሆን መኪናው ሲጭንና ሲያራግፍ ይሞላል፣ ሾፌሩም ተጨማሪ ሰዓት አያባክንም።

ለኛ ከተማ አንድ ዝግ ያለ መጠባበቂያ ይበቃል። እሱም ከትራንስፎርመሩ በኋላ ይምጣ። የወፍጮ ሞተር 20 ኪሎዋት ቢሆን፣ 150 ኪሎዋት የሚስብ ፈጣን ቻርጀር ሰባት ወፍጮ ባንዴ እንደማስነሳት ነው። ከዚያ በኋላ ማን እህል ሊያስፈጭ ነው?

አሁን የጎደለን ቁጥር ነው። ዲግሪ ይዘን ድንጋይ ላይ የተቀመጥን ልጆች ሞልተናል። ከአምባ ጊዮርጊስ፣ ከዳባት፣ ከደባርቅ ሁለት ሁለት ሆነን የገበያ ቀንን ጨምሮ አንድ ሳምንት እንቁጠር፦ ስንቱ ወጣ፣ ስንቱ ወረደ፣ ምን ጫነ፣ የት ስንት ሰዓት ቆመ። የምትችሉ ስማችሁንና ከተማችሁን በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ ሠንጠረዡን እኔ አዘጋጃለሁ።