አንድ ዕቃ፣ ሦስት ስም

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። መረጃ የሚመሰጥር ትንሽ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ ለመሥራት ምን መጫን ያስፈልጋል? «ኦፕንኤስኤስኤል ነዋ!» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ግን ገና አልጨረሳችሁም። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ የምትፈልጉት «ሊብኤስኤስኤል-ዴቭ» ይባላል። ፌዶራ ላይ «ኦፕንኤስኤስኤል-ዴቬል» ይሆናል። አርች ላይ «ኦፕንኤስኤስኤል» ብቻ! የሚጫንበት ትእዛዝም በየቤቱ ሌላ ነው፤ አፕት፣ ዲኤንኤፍ፣ ፓክማን። ዕቃው ግን ያው አንድ ዕቃ ነው።

የለመደው ሰው ግድ የለውም። ጣጣው ጀማሪው ላይ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን መመሪያ ቃል በቃል ይገለብጣል፤ «እንዲህ የሚባል ፓኬጅ የለም» የሚል መልስ ይመጣለታል። መመሪያው ለየትኛው ዲስትሮ፣ ለየትኛው ስሪት እንደተጻፈ የነገረው የለም። ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። ስንቱ ጎበዝ በዚህ ተማሮ ወደ ዊንዶውስ የሚመለስ ይመስላችኋል?

ጀማሪው ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ሊኑስ ቶርቫልድስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2014 ፖርትላንድ ላይ በተካሄደው የዴቢያን ጉባኤ ይህንኑ ሲያማርር ነበር። ሳብሰርፌስ የሚባል የባሕር ጠላቂዎች መመዝገቢያ ፕሮግራም አለው። ለዊንዶውስና ለማክ የተዘጋጀ ቅጂ እንደሚያወጡ፣ ለሊኑክስ ግን በየዲስትሮው ማዘጋጀቱ ስለሚያሰቃይ እንደተዉት ተናገረ። የቤቱ አባወራ እንዲህ ካለ እኛ ምን እንበል?

አልተሞከረም እንዳትሉ። ሊኑክስ ስታንዳርድ ቤዝ የሚባል የጋራ ደረጃ ነበር። የመጀመሪያው ስሪት በ2001 ወጣ። ግን የፓኬጅ ዓይነት ሲመርጥ ከሬድሃት ቤት የመጣውን አርፒኤም መረጠ፤ ዴቢያን የራሱ ዴብ እያለው! በ2015 አምስተኛው ስሪት ወጣ፤ በዚያው ዓመት ዴቢያን ተወው። በደረጃው መሠረት የተሠሩት ፕሮግራሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

አሁን ፍላትፓክና ስናፕ አሉላችሁ ይሉናል። ፕሮግራሙ የሚያስፈልገውን ሁሉ አዝሎ ይመጣል። ጥሩ ነው፤ ግን ለአንዲት ሚጢጢ ፕሮግራም በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ማውረድ፣ ዳታ በፓኬጅ ለሚገዛ የአዲስ አበባ ልጅ ቀልድ አይደለም። የስሙን ዝብርቅርቅም አይፈታለትም።

ዲስትሮዎች ይጨፍለቁ አላልኩም፤ ብዛታቸውን እወደዋለሁ። የምለው ስሙ ላይ ይስማሙ ነው። ፒኬጂ-ኮንፊግ የሚባለው መሣሪያ ለአብዛኞቹ ላይብረሪዎች የጋራ ስም ከያዘ ቆይቷል። ፌዶራ ላይ በዚያ ስም ጠይቃችሁ መጫን ትችላላችሁ። አፕትስ ይህን ቢማር ምን ይጎዳዋል? የአርች ዊኪን እኮ የኡቡንቱም የፌዶራም ሰው ያነበዋል፤ የጋራ መመሪያ ማዘጋጀት ይቻላል ማለት ነው።

እስከዚያው በአማርኛ መመሪያ የምትጽፉ ወዳጆቼ፣ እባካችሁ አናቱ ላይ ዲስትሮውን፣ ስሪቱንና የጻፋችሁበትን ቀን አስቀምጡልን።