ሳተላይት ሽቅብ፣ ኢንተርኔት ዝግ

«የሚበላው ላጣ ሕዝብ ኮከብ ምን ይፈይድለታል?» የምትባል ጥያቄ አለች። ስለ ሰማይ የተነሣን ወሬ ሁሉ በአንድ ምት ዝም ታሰኛለች። የሚጠይቋት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የጠገቡት ናቸው።

የራስ ደጀን አገር በየዳ ላይ፣ በጥር ማታ፣ እረኛው ቀና ቢል ኦሪዮንን ያያል። ከተሰለፉት ሦስት ኮከቦች ዝቅ ብላ ጭጋግ የመሰለች ነጥብ አለች። 1,300 የብርሃን ዓመት ያህል ትርቃለች፤ ግዙፍ ኮከቦች ከሚወለዱባቸው ቦታዎች ለእኛ ቅርብ የሆነችው እሷ ናት።

ግዙፍ የሚባለው ከፀሐይ ስምንት እጥፍና ከዚያ በላይ የሚከብደው ነው። አወላለዱ ሳይንቲስቶችን ሲያስቸግር ኖሯል። እንዲህ ያለው ኮከብ አድጎ ሳይጨርስ መንደድ ይጀምራል፤ ብርሃኑም ወደ እሱ የሚመጣውን ጋዝና አቧራ ይገፋል። ታዲያ ምግቡን እየገፋ እንዴት ወፈረ? በ2009 እ.ኤ.አ. የመጠቀው የአውሮፓ ቴሌስኮፕ ሄርሸል ፍንጭ ሰጠ፦ ኮከብ የሚወለድበት ደመና እንደተፈተለ ጥጥ በረጃጅም ክሮች የተሞላ ነው። ክሮቹ በሚገናኙበት ቦታ ጋዝ ይጠራቀማል፤ ከስሜን የሚወርዱ ጅረቶች ተከዜን እንደሚሞሉት። ኮከቡ ስንቁን አስቀድሞ ቋጥሮ ነው የሚነሣው ወይስ ከሩቅ እየጎረፈለት ነው የሚያድገው? ክርክሩ አላለቀም፤ ክሮቹ ግን ለሁለተኛው ወገን ጉልበት ሰጥተዋል። ሩቅ ነገር የሚመስለው ካለ፣ አሁን የሚተነፍሰው ኦክስጅን አብዛኛው የተሠራው እንዲህ ባሉ ኮከቦች ሆድ ውስጥ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ስፔስ ሲነሣ ግን ትዝ የሚለው ሪባን ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከ70 ኪሎ ጥቂት የምታልፍ ሳተላይት ከቻይና ስትመጥቅ ተጨበጨበ። እንጦጦ ላይም ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች አሉ። ክፉ አይደለም። በዓይን ብርሃን የሚያይ ቴሌስኮፕ ግን አቧራው ውስጥ የተደበቀውን ፅንስ አያይም።

ቀጥሎ የሚመጣው ምኞት ይታወቃል፦ ራስ ደጀን ላይ ግዙፍ ቴሌስኮፕ! ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነ ከፍታ ያጓጓል። አቧራውን ዘልቀው የሚመጡትን ሞገዶች የአየር እርጥበት ስለሚውጣቸው፣ አልማ የሚባለው የ66 አንቴናዎች ጣቢያ የተተከለው ቺሌ ውስጥ 5,000 ሜትር ላይ ነው። ነገር ግን አልማ ያለው በረሃ ላይ ነው። ስሜን ክረምቱን ደመና ለብሶ ይከርማል፤ የዓለም ቅርስ የሆነ ፓርክም አለበት።

የተረሳው ቀላሉ ነው። የሄርሸል መረጃ ለማንም ክፍት ነው፤ የአልማም ባብዛኛው ከአንድ ዓመት በኋላ ይለቀቃል። ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የገባ የበየዳ ልጅ ላፕቶፕ፣ ኢንተርኔትና የሚያሳየው መምህር ካገኘ የኦሪዮንን ክሮች ቁጭ ብሎ ይለካል። ቴሌስኮፕ አያሻውም።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ጦርነቱ ሲነሣ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ። ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ። (የሞተው ሰው ከዚህ ሁሉ እንደሚበልጥ የሚዘነጋ የለም።) ለፀጥታ ነው ተባለ። ሰማይ ላይ ሳተላይት ያላት አገር ምድር ላይ ተማሪዋን ከዓለም ቆረጠችው፤ ያንን ዓመት የሚመልስለትም አልተገኘም።

የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ስለ ቀጣዩ ሳተላይት መግለጫ ሲሰጥ ጋዜጠኞች ክብደቷን መጠየቅ ይተዉ። ደባርቅ፣ ዳባትና ድል ይብዛ ላይ ስንት የፊዚክስ መምህር አለ? ስንቱ ኢንተርኔት ያገኛል? እሱን ይጠይቁ።