‹‹እንመለስ›› ለማለት ያልተፈቀደለት መሪ

መንገድ መሪ ማለት ምን ማለት ነው? በአማርኛችን መንገዱን የሚያውቅ፣ ሌላውንም በደኅና አድርሶ በደኅና የሚመልስ ሰው ማለት ነው። በብዙ የጉብኝት ሥፍራዎች ግን ይህ ትርጉም ተዘንግቶ፣ መሪ ማለት እንግዳውን የሚያስቅ፣ ፎቶግራፍ የሚያነሣለትና በስተመጨረሻ ጉርሻ የሚጠብቅ አጫዋች ሆኗል። ይህን የምለው በግምት አይደለም። በአስተርጓሚነት ሙያዬ ከአዲስ አበባ ወደ ኬንያ የሚመጡ እንግዶችን አጅቤ፣ የማሳይ መሪዎችን ቃል ወደ አማርኛ እየመለስሁ፣ ከሰልፉ ኋላ የሚንጠባጠቡትንም እየሰበሰብሁ በሄልስ ጌት ብሔራዊ ፓርክ ብዙ ጊዜ ተጉዣለሁ።

ከናይቫሻ ሐይቅ በስተደቡብ የሚገኘው ይህ የእሳተ ገሞራ ምድር እ.ኤ.አ. በ1984 ተከልሎ ፓርክ ሆነ። ስፋቱ 68 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከናይሮቢ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ፣ ጎብኚውም ከመኪናው ወርዶ በእግሩና በብስክሌት እንዲዘዋወር ስለሚፈቀድለት፣ በዕረፍት ቀናት ሕዝብ ይግተለተልበታል። የስሙ ትርጉም ‹‹የሲኦል ደጅ›› መሆኑን ስነግራቸው እንግዶቼ ይስቃሉ። ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም።

በፓርኩ ውስጥ ያለውን ኦል ንጆሮዋ የተባለ ጠባብ ሸለቆ የሰነጠቀው፣ ጥንት ከዛሬው እጅግ ይሰፋ ከነበረው የናይቫሻ ሐይቅ ወደ ደቡብ ይፈስ የነበረው ውኃ ነው። የሸለቆውን ግድግዳዎች የእሳተ ገሞራ አመድ የወለዳቸው ለስላሳ ዐለቶች ስለሆኑ ውኃ በቀላሉ ይቦረቡራቸዋል። ዝናቡ በላይኛው ከፍታ ከጣለ፣ በሸለቆው ግርጌ የቆመ ሰው አንዲት ጠብታ እንኳ ሳታርፍበት ጎርፍ ሊደርስበት ይችላል፤ መሸሺያም አያገኝም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2012 ለጉብኝት ከመጡ የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች መካከል 7ቱን ጎርፍ ወሰዳቸው። በመስከረም 2019 እንደገና 7 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም አንዱ የአካባቢው መንገድ መሪ ነበር። የኬንያ የዱር እንስሳት አገልግሎት ሸለቆውን የዘጋው ከዚህ ሞት በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው።

እንግዲህ የመሪው የመጀመሪያ ቃል ስለ ውኃው መሆን ሲገባው፣ ብዙ ጊዜ የምተረጉመው እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ‹‹አንበሳው ንጉሥ›› የተባለ ፊልም ሠዓሊዎች ከዚህ ቦታ ስለ መነሣሣታቸው የሚወራውን ነው። መሪው ስለ ውኃው ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ገቢው በሚያስገባው ሰው ቁጥርና በጉርሻ የሚለካ ሰው ‹‹ዛሬ ሰማዩ አላማረኝም፤ እንመለስ›› ቢል የዕለት እንጀራውን በገዛ አፉ መዝጋቱ ነው። አንድ አስጎብኚ ድርጅትም በአንድ ወቅት ስለ ጎርፉ የምንናገረውን እንድናሳጥር ሲያሳስበን፣ ‹‹ደንበኛው የከፈለው ሊደነግጥ አይደለም›› ብሎናል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ!

‹‹የጎብኚውን ቁጥር መገደብ የማሳይ ወጣቶችን እንጀራ ይነሣል›› የሚሉ አሉ። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ ከእነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውምና። ነገር ግን እንጀራቸውን ይበልጥ የነሣቸው ምንድን ነው? በአንድ ጊዜ 15 ሰው ብቻ ይግባ የሚል ደንብ ወይስ ከሞት በኋላ የሚመጣ ሙሉ መዘጋት? ‹‹የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ይበቃል›› የሚሉም አሉ። ሰሌዳ ግን ወደ ሰማይ አያይም፤ የደከመውን አይጠብቅም፤ የእንግዳውንም ቋንቋ ላያውቅ ይችላል።

ስለዚህ ሸለቆው ለጎብኚ በሚከፈትበት ጊዜ ሁሉ ሦስት ነገሮች ሊሟሉ ይገባል እላለሁ። መሪው በቀን ደመወዝ ይቀጠር፤ ጉዞው ቢሰረዝም ይከፈለው። እያንዳንዱ ቡድን ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ሰው ይኑረው። የኋላኛው ረዳትም ከፊተኛው እኩል ‹‹ቁሙ›› የማለት ሥልጣን ይሰጠው፤ የሚቀሩትን የሚያየው እርሱ ነውና። የጎርፉ ነገር ደግሞ ከመግቢያው በር ላይ፣ እንግዳው በሚሰማው ቋንቋ፣ ሳይለሳለስ ይነገር። አስተርጓሚ የማስፈራሪያውን ቃል አጣፍጦ የሚያቀርብ ከሆነ ቋንቋ ያውቃል እንጂ ሙያውን አያውቅም።

ይህ ስምጥ ሸለቆ ኬንያ ላይ አይቆምም፤ ወደ ሰሜን ዘልቆ የእኛንም አገር ይሰነጥቃል። በእሳተ ገሞራ ምድራችን ላይ እንግዳ ለመቀበል ደፋ ቀና የምንለው እኛም መንገዱንና ማረፊያውን ከመሥራታችን በፊት፣ መሪዎቻችን ‹‹እንመለስ›› ሲሉ ጦማቸውን እንደማያድሩ እናረጋግጥ።