ሄሊኮፕተር ማብረር ለምትፈልጉ፦ ዛሬውኑ ጀምሩ!

ወንድሜ፣ እህቴ! የተዋጊ ጄት ፎቶ ፕሮፋይል ላይ መለጠፍ አብራሪ አያደርግም። ደግሞስ ሁሉም ለምን ጄት ጄት ይላል? ማኮብኮቢያ በሌለበት ተራራ ላይ አርፎ ቁስለኛ የሚያነሳው እኮ ሄሊኮፕተር ነው!

ስራው ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ። ግራ እጅ ከፍታውን፣ ቀኝ እጅ አቅጣጫውን፣ እግሮች ደግሞ አፍንጫው ወዴት እንደሚዞር ይቆጣጠራሉ፤ ሁሉም በአንዴ። የአየር ኃይላችን መቀመጫ ቢሾፍቱ ራሷ ከባህር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ሙቀት ሲታከልበት ይብሳል፤ ማሽኑ የሚሸከመው ክብደት ይቀንሳል። ስንት ሰው፣ ስንት ነዳጅ ልጫን የሚለውን ማስላት ከአብራሪው ይጠበቃል። ስሌቱ ከተሳተ ነፍስ ይጠፋል።

ስለዚህ የምዝገባ ማስታወቂያ እስኪወጣ አትጠብቁ። ፊዚክስና ሒሳብ ላይ በርቱ፤ እንግሊዝኛ አንብቡ፤ በየቀኑ ሩጡ፤ አይናችሁን አሁኑኑ ተመርመሩ፣ ችግር ካለ ቀድሞ ማወቅ ይሻላል። ጫትና ሲጋራ? እርሱት!

አገር መውደድ በኮሜንት አይለካም። ተራራ ላይ የቆሰለ ወገን ሲጠብቅ የሚያነሳው ስሜት ሳይሆን ችሎታ ነው።

ሼር አድርጉት፤ አንድ ጎበዝ ተማሪ ጋ ይድረስ።