ዋጋም ዜና ነው

በክፍላችን «ኢኮኖሚክስ» የሚለው ቃል ሲነሳ «ተወው፣ እሱ የሂሳብ ልጆች ጉዳይ ነው» ማለት የተለመደ ነው። እኔ ግን ጋዜጠኝነት የምንማር ሁሉ የነፃ ገበያን ሐሳብ፣ ወደድነውም ጠላነውም፣ ጠንቅቀን ልናውቀው ይገባል ባይ ነኝ።

ለምን ቢባል ዋጋ ራሱ ዜና ነው። ትውልደ ኦስትሪያዊው ፍሬድሪክ ሃየክ እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው ጽሑፍ ያስረዳው ይህንኑ ነው። የገበያ እውቀት በብዙ ሰው ጭንቅላት ውስጥ የተበተነ ስለሆነ አንድ ቢሮ ሊሰበስበው አይችልም፤ የሚያገናኘው ዋጋ ነው። ቲማቲም ሲወደድ ገዢው ይቆጥባል፣ ገበሬው ይተክላል። ማንም ስብሰባ አልጠራቸውም!

ወደ ሰፈራችን ወደ ብስራተ ገብርኤል ስንመጣ የተማሪው ወሬ የቤት ኪራይ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው ልክ እንዲሆን ደንግጓል። እኔም ተከራይ ነኝ፤ አዋጁ ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው። የነፃ ገበያ ሰዎች ግን አንድ ጥያቄ አላቸው፦ ነገ ቤት ፍለጋ የሚመጣውስ? አከራዩ የወደፊቱን ጭማሪ ከወዲሁ ከጫነበት ወይም ጭራሽ «አላከራይም» ካለ ማን ይጎዳል? በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሲወረስና ኪራይ ሲቀነስ ብዙ ድሃ እፎይ ብሏል። በዚያ ኪራይ ግን ቤቱን የሚያድስ ጠፋና የቀበሌ ቤቶች እያረጁ ሄዱ። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱንም መጻፍ የእኛ ሥራ ነው።

ይህን ስል ገበያ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። እርግጥ ነው በጥቁር ገበያ ቀድሞም ከ100 በላይ ነበር፤ ዋጋ ስለተደበቀ አይጠፋም። ቢሆንም ጡረታዋ ላልጨመረላት እናት ይህ ምን መጽናኛ ይሆናታል?

በኢሕአዴግ ዘመን «ኒዮሊበራል» ስድብ ነበር። ኋላ ደግሞ ቴሌኮሙም ባንኩም ለውጭ ባለሀብት ሲከፈት «ሪፎርም» ተብሎ ተጨበጨበ። ስድቡንም ጭብጨባውንም የሚመረምር ጋዜጠኛ ግን ጥቂት ነው።

ነገ ሥራ ፍለጋ ስንወጣ መግለጫ የሚገለብጥ ሰው ሞልቶ ይጠብቀናል። «ይህን ማን ይከፍላል? ማንስ ያተርፋል?» ብሎ የሚጠይቅ ግን በየትኛውም የዜና ክፍል ተፈላጊ ነው። ስለዚህ ክፍላችን ቢያንስ አንድ የኢኮኖሚ ዘገባ ኮርስ ቢጨምርልን፣ እኛም እስከዚያው ነጋሪት ጋዜጣን ማንበብ ብንለምድ መልካም ነው እላለሁ። የማይስማማ ካለ በሚቀጥለው እትም ይሞግተኝ።