ትንሿ ቃል አትናቅ

ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሣው ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ነው። ስለ ምግብ ቤትና ስለ መኝታ ቤት አቤቱታ ማንበብ ለለመደ ሰው ምናልባት ቅንጦት ይመስለው ይሆናል። የምንናገረው በኮምፒውተር ስክሪን ላይ፣ የማውሱን ቀስት በአንድ ምልክት ላይ ሳይጫኑ ሲያሳርፉት፣ ብቅ ብላ የምልክቱን ተግባር ስለምትነግረን አጭር ጽሑፍ ነው። ፈረንጆቹ ቱልቲፕ ይሏታል። ሥራዋ በጆሮ ሹክ እንደ ማለት ነውና እኛ በዚህ ጽሑፍ «ሹክታ» እንላታለን፤ የተሻለ ስም ያለው ቢኖር በደስታ እንቀበላለን። አሳባችን ግን አንድ ነው፤ በእኛ ዘንድ የሚሠራ ፕሮግራም ሁሉ ሹክታ ይኑረው፤ ሹክታውም ተጠቃሚው በሚያስብበት ቋንቋ፣ ይኸውም በአማርኛና በአውንጊ ይጻፍ።

ነገሩ ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት ኮምፒውተር ላብ ገብቶ ማየት ይበቃል። ከባንጃ፣ ከአንከሻ፣ ከዚገም ወይም ከጓንጓ ገጠር የመጣ ተማሪ ፊደልን በአውንጊ ቆጥሮ፣ አማርኛን ተምሮ፣ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ ጨርሶ ከስክሪኑ ፊት ይቀመጣል። እዚያ የሚጠብቀው ግን ከሦስቱም ያልሆነ አራተኛ ቋንቋ ነው፤ የሥዕል ቋንቋ። የጻፉትን ማስቀመጫው ምልክት ፍሎፒ ዲስክ ነው። ሶኒ ኩባንያ ይህን ዕቃ መሸጥ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2011 ስለሆነ፣ አዲስ ገቢው ተማሪ በእጁ ይዞት አያውቅም። መቀሱ ልብስ የሚቆርጥ እንጂ ዓረፍተ ነገር የሚያነሣ አይመስለውም። ብሩሹም የአንዱን ጽሑፍ መልክ ወደ ሌላው የሚያሻግር መሆኑን ማን ይነግረዋል? ጎኑ ያለው የከተማ ልጅ እንዳይስቅበት ዝም ይላል። መምህሩም የሁሉን ጥያቄ በአንድ ጊዜ ሊያደርስ አይችልም። ሹክታ ግን መቶ ጊዜ ቢጠይቋት የማትሰለች፣ በማንም የማትስቅ ረዳት መምህር ናት።

ይህች ረዳት ዛሬ የተፈጠረች አይደለችም። አፕል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲስተም 7 በተባለው ሥርዐቱ ላይ «ባሉን ሄልፕ» የሚል መሣሪያ አውጥቶ ነበር። ተጠቃሚው ሲከፍተው ቀስቱ በነካው ነገር ሁሉ ላይ የንግግር አረፋ ብቅ ይል ስለነበር ብዙ ሰው ሰልችቶ ይዘጋው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ዊንዶውስ 95 ጥቂት ቆይታ ከመጣች በኋላ የምትታየውን አጭር ቃል በሰፊው አስለመደ። ከዚህ የምንማረው ሹክታ በፈለጓት ጊዜ የምትመጣ፣ ባልፈለጓት ጊዜ ዝም የምትል መሆን እንዳለባት ነው። ለእኛ አገር ሰውማ ነገሩ እንግዳ ሊሆን አይገባውም። በብራና መጽሐፍ ኅዳግ ላይ ለከበደው ቃል አጭር ማስታወሻ መጻፍ የኖረ ልማድ ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ተማሪው እንግሊዝኛውን ይልመድ እንጂ ለምን በአማርኛ ይነገረዋል?» ይሉናል። እንግሊዝኛ መማር እንደሚገባ እኛም እናምናለን። ይሁን እንጂ በመመረቂያ ፕሮጀክት የሚሠራው ፕሮግራም ዓላማው መምህር ፊት ቀርቦ መመስገን ብቻ አይደለም። ለጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል፣ ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ለወረዳ መዝገብ ቤት ይሆናል ተብሎ ነው የሚሠራው። እንግዲህ በዳንግላ አንድ መዝገብ ቤት የተቀመጠችውን ሠራተኛ እናስብ። በስክሪኗ ላይ ሁለት ቁልፎች አሉ፤ አንዱ «አርካይቭ»፣ ሌላው «ዲስካርድ» ይላል። አንዱ መዝገቡን በክብር ያኖራል፤ ሌላው ይጥለዋል። ቃሉን ካልተረዳችው በግምት ትጫናለች። የግምቷን ዋጋ የሚከፍለው ግን ፕሮግራሙን የሠራው ምሩቅ ሳይሆን፣ ከቀበሌው በእግሩ መጥቶ «ፋይልህ የለም» የሚባለው ገበሬ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ሌሎች ደግሞ «በቋንቋችን የኮምፒውተር ቃል የለም» ይላሉ። በመጀመሪያ ፊደሉ አለ። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዐት እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ የግእዝን ፊደል ተቀብሏል፤ ለአውንጊ የምታስፈልገው «ጘ»ም ከነዘርዋ እዚያው አለች። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለ የግእዝ ፊደል ቅርጽ ይዞ መጥቷል። በነፃ የሚገኘው ሊብሬ ኦፊስም በአማርኛ ገጽታ ይሠራል። ስለ ቃሉም ቢሆን፣ ሹክታ የቃላት ኮሚቴ እስኪሰበሰብ አትጠብቅም። «ሴቭ» ለሚለው አንድ የጸደቀ ስም እስኪገኝ ድረስ «የጻፉት እንዳይጠፋ ያስቀምጣል» ማለት ማንን ያቅታል? ሹክታ ስም አውጪ አይደለችም፤ አስረጂ ናት። ለዚህ ደግሞ እናቶቻችን በጉልት ገበያ የሚናገሩት አማርኛና አውንጊ ይበቃል።

ነገር ግን ሹክታ ስለተጻፈች ብቻ ጠቀመች ማለት አይደለም። «አትም» በሚለው ቁልፍ ላይ ደግሞ «አትም» ብሎ መጻፍ ድካም ብቻ ነው። «የተማሪውን ውጤት በወረቀት ያትማል» ቢል ግን የሚሆነውን ነገር አስቀድሞ ነገረ ማለት ነው። ጊዜዋንም ማሰብ ያስፈልጋል። ብዙ ተማሪ የሚሠራበት ጃቫ ስዊንግ ካልቀየሩት በቀር ሹክታን ከ750 ሚሊሰከንድ በኋላ ያሳይና በ4 ሰከንድ ውስጥ ይሰውራታል። ፊደል ቆጥሮ ቀስ ብሎ ለሚያነብ ሰው 4 ሰከንድ ምን ይበቃዋል? ጊዜውን ማርዘም የአንድ መሥመር ትእዛዝ ሥራ ነው። የፊደሉም መጠን እንዲሁ ነው። «ለ»ን ከ«ሉ»፣ «ሉ»ን ከ«ሊ» የምትለየው ትንሽ ቅጥያ ስለሆነች፣ ለላቲን ፊደል የሚበቃው ደቃቅ መጠን ለግእዝ ፊደል አይበቃም።

ማውስ መያዝ የማይችሉ ወንድሞችና እኅቶችም አሉን። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ፣ 2.1 የተባለው እትም፣ እንዲህ ያለ ብቅ የሚል ጽሑፍ ቀስቱን ሳያንቀሳቅሱ ሊዘጉት የሚቻል፣ ቀስቱ ወደ ጽሑፉ ሲሻገር የማይጠፋ፣ አንባቢው እስኪተወውም የሚቆይ እንዲሆን ያዛል። በኪቦርድ ብቻ ለሚሠራ ሰውም ያው ቃል ሊደርሰው ይገባል። በእጅ በሚነካ ስልክ ላይ ደግሞ ቀስት የሚባል ነገር ስለሌለ፣ መዝገብ የሚያጠፋን ቁልፍ ማስጠንቀቂያ በሹክታ ብቻ ደብቆ መተው አይገባም። እንዲህ ያለው ቃል በግልጽ ይጻፍ፤ ፕሮግራሙም ከማጥፋቱ በፊት ይጠይቅ።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ መምህራን የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲመዝኑ የፕሮግራሙ ሹክታ በተጠቃሚው ቋንቋ መጻፉን ከነጥብ መስጫዎቹ አንዱ ያድርጉት። ሁለተኛ፣ የተማሪዎች ማኅበር ከኮምፒውተር፣ ከአማርኛና ከአውንጊ ተማሪዎች የተውጣጣ ትንሽ የበጎ ፈቃድ ጓድ ያቋቁም፤ ጓዱም በላብ ውስጥ አዘውትረው የሚታዩትን ምልክቶች ትርጉም በሁለቱ ቋንቋዎች አዘጋጅቶ ለሁሉም ያድርስ። ሦስተኛ፣ ፕሮግራም የሚሠራ ተማሪ ሥራውን ከማስረከቡ በፊት ያላየውን አንድ አዲስ ገቢ ጠርቶ ከፊቱ ያስቀምጠው፤ እርሱም ምንም ሳይናገር ይመልከት። የእንግዳው እጅ ተጠራጥሮ በቆመበት ቦታ ሁሉ አንዲት ሹክታ ጎድላለች።

ይህ ሁሉ በጀት አይጠይቅም፤ የውጭ ባለሙያም አያስመጣም። የሚጠይቀው ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ከሱ ቀጥሎ የሚቀመጠውን ሰው እንዲያስብ ብቻ ነው። በላብ ውስጥ ያልጠየቀ ተማሪ ሁሉ ያወቀ አይደለም፤ ዐፍሮ ዝም ያለም አለ። ለእርሱ አንዲት መሥመር መጻፍ የሚችል ሁሉ ዛሬውኑ ይጻፍ።