የጎደለው ቁጥሩ ነው ወይስ ሰዉ?

የምዕራብ ጎንደር ሕዝብ ስንት ነው? ሸሕዲ ላይ ቆሞ ይህን ለሚጠይቅ ሰው ቁርጥ ያለ መልስ የለም። ዞኑ ራሱ የተቋቋመው ከ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በኋላ ነው። የሚነገረን ሁሉ ግምት ነው፤ ግምቱም የሚነሣው ከዚያው ከ1999ኙ ቆጠራ ነው። መነሻው ከተንጋደደ መድረሻው ምን ሊሆን ነው?

በ1987ቱ ቆጠራ የአማራ ክልል ሕዝብ 13.8 ሚሊዮን ነበር። በ1999 ደግሞ 17.2 ሚሊዮን ሆነ ተባለ። በዓመት 1.7 በመቶ አደገ ማለት ነው፤ አገሪቱ ግን በ2.6 በመቶ አድጋለች። ከተገመተው 2.4 ሚሊዮን ያህል ሰው መጉደሉ ፓርላማውን ሳይቀር አነጋገረ። ወሊድ ቀንሶ ነው ተባለ። እሺ ይሁን! ታዲያ የ1997ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የክልሉ እናት በአማካይ 5.1 ልጅ ትወልዳለች አይልም እንዴ? ያገሪቱ አማካይ 5.4 ነበር። ትግራይም 5.1 ነው፤ እዚያ ግን ሕዝቡ በ2.5 በመቶ አደገ። ይህን የማነሣው በጎረቤት ቁጥር ቀንቼ አይደለም። እኩል የሚወልዱ ሁለት ክልሎች ይህን ያህል ከተራራቁ ምክንያቱ ወይ ሞት፣ ወይ ፍልሰት፣ ወይ የቆጠራ ግድፈት ነው። የቱ ምን ያህል? እኔን የሚያሳምን መልስ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ቆላው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለበት። ያ ቆጠራ የተካሄደው በግንቦት ነው። መተማ በሰው የምትጥለቀለቀው ግን ክረምት ገብቶ የሰሊጥ አረምና አጨዳ ሲደርስ ነው። ቆጠራው ሰውን በቋሚ መኖሪያው ስለሚመዘግብ የቀን ሠራተኛው ቢቆጠር እንኳ በወጣበት ደጋ ነው፤ የሚታመመው ግን ቆላ ወርዶ ነው። ወባና ካላዛር መታወቂያ አይጠይቁም! በሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ በመተማ ዮሐንስ የገባው ስደተኛና ተመላሽም አለ። የ1999ኙ "110 ሺህ" የመተማ ወረዳ ሕዝብ ዛሬ ለማን ይረባል?

ችግሩ የሸሕዲ ብቻ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት 126 ሚሊዮን ናችሁ ሲለን፣ የራሳችን ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት 107 ሚሊዮን ገደማ ይለን ነበር። መሀል ላይ የቀረው ሰው ያንድ ትልቅ ክልል ሕዝብ ያህላል።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ሕዝብ በየ10 ዓመቱ ይቆጠር ይላል። በ2011 ዓ.ም. ግን ቆጠራው በጸጥታ ሰበብ ተራዘመ፤ መራዘሙም አላበቃም። ጥይት በሚጮህበት ቀዬ ቆጣሪ እንደማይገባ አውቃለሁ። ግን የምርጫ ክልል የሚካለለው፣ በጀት የሚደለደለው በሕዝብ ቁጥር መሆኑን ባለሥልጣኖቻችን አያውቁም? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ስለዚህ መጀመሪያ ሰላም ይውረድ፤ ሕዝቡም ይቆጠር። ቆላ የሚወርደው ሠራተኛ በወቅቱ ለብቻው ይመዝገብ። የቆጠራው ስሕተት ስንት እንደሆነ ተፈትሾ በይፋ ይታተም። ሕዝቡን ያልቆጠረ መንግሥት ለስንት ሰው ነው የሚበጅተው?